የሁለት ኪስ ስንቅ

ጎንደር አራዳ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የቆሎ ሽታ አለው። ሴቶች ገብሱን፣ ሽምብራውንና ሱፉን በሰፌድ ዘርግተው በትንንሽ ጣሳ ይሰፍራሉ፤ ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ተማሪ አንድ ስፍር ገዝቶ ኪሱ ውስጥ ያስገለብጥና እየቆረጠመ ዳገቱን ይያያዘዋል። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል አንዱ ቆሎውን የሚቆረጥመው ስለጣመው ብቻ ላይሆን ይችላል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እናቱ የወጋችው ኢንሱሊን ኃይሉ የበረታው በዚህ ሰዓት ነው። ምሳው ከተበላ ቆይቷል፤ ዳገቱ ደግሞ ገና ከፊቱ ነው። ያቺ እፍኝ ቆሎ ካልደረሰችለት ግማሽ መንገድ ሳይሄድ እጁ መንቀጥቀጥ፣ ግንባሩ በላብ መጠመቅ፣ ዓይኑ ብዥ ማለት ይጀምራል። ጓደኞቹ ምን እንደነካው አያውቁም። ያየው መንገደኛ ሰክሯል ሊል ይችላል፤ ቡዳ በላው የሚልም አይጠፋም።

የዚህ ልጅ ሕመም አይነት አንድ የስኳር በሽታ ይባላል። የዚህ ንግግር ጉዳይም እሱ የሚበላው መክሰስና የሚወጣው ዳገት ነው።

ስለ ስኳር በሽታ በየመድረኩ የሚሰጠው ምክር ባብዛኛው የታሰበው ለሌላ ሰው ነው። ጣፋጭ ቀንሱ፣ ክብደት ቀንሱ፣ በምግብ መሐል አትቀማምሱ የሚባለው ዕድሜያቸው ገፋ፣ ሰውነታቸው ከበድ ላለ የአይነት ሁለት ታማሚዎች ነው። ለእነሱ ጥሩ ምክር ነው። አይነት አንድ ላለበት ከሲታ ወጣት እንዳለ ሲሰጥ ግን ሊጥለው ይችላል። ለእርሱ ምግብ፣ ሥራና መርፌ አንድ ላይ የሚሰሉ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ነክቶ ሌላውን እንደነበረ መተው አይቻልም።

አማርኛ ቆሽትን የሚያውቃት በንዴት ነው፤ የተናደደ ሰው ቆሽቴ አረረ ይላል። ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመችው ይህች ዕጢ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ታመነጫለች፣ ኢንሱሊንም ትሠራለች። ኢንሱሊን ከምግብ የተገኘው ስኳር ከደም ወጥቶ ጡንቻ ውስጥ እንዲገባ፣ ጉበትም የቀረውን ለክፉ ቀን እንዲያስቀምጥ የሚያዝዝ ሆርሞን ነው። በአይነት አንድ ሕመም ሰውነትን ከጀርም የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ቢበላም የበላው አይደርሰውም። ስኳሩ በሽንት ይወጣል፤ ውሃ ይጠማዋል፣ ይከሳል፣ ሰውነቱ ስብ እያነደደ ኪቶን የሚባል አሲድ ያጠራቅማል። መርፌው ጨርሶ ከተቋረጠ በቀናት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ለዚህ ሕመም የነበረው ሕክምና ረሃብ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬድሪክ አለን የሕፃናቱን ዕድሜ ጥቂት ለማራዘም ሲል ምግባቸውን አጥንታቸው እስኪታይ ድረስ ይቀንስ ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከውሻ ቆሽት ኢንሱሊን አወጡ፤ በጃንዋሪ 1922 ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ተወጋው። ሊሞት የተቃረበው ልጅ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። መርፌው ረሃብን ከሕክምናው አስወጣው። ከሰው ልብ ግን ገና አልወጣም፤ ስኳር አለበት የተባለ ልጅ እህት ወንድሞቹ መክሰስ ሲበሉ ቆሞ የሚያይበት ቤት ዛሬም አለ። ወላጆቹ ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፤ የሚወዱትን ልጅ ከበሽታው የሚጠብቁት በመከልከል ይመስላቸዋል። ኢንሱሊን የተወጋን ልጅ ግን መከልከል አደጋ ላይ መጣል ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ብልቃጡን ማየት ይበቃል። በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት አብዛኛው ታማሚ የሚወጋው ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን ነው፤ ጥርት ያለው ሬጉላር ይባላል፣ ወተት መስሎ የደፈረሰው ኤንፒኤች። ተቀላቅለው በአንድ ብልቃጥ የሚመጡበት ጊዜም አለ። ሬጉላሩ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይወጋል፤ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ኤንፒኤች ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው፤ ኃይሉ ጫፍ የሚደርሰው ከተወጋ ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ በሐበሻ ሰዓት ይቆጠር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተወጋ ሰው ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ መርፌው ይበረታበታል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የተወጋው ደግሞ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት፣ ያውም ሁሉም ተኝቶ ሳለ።

ኢንሱሊኑ አንዴ ከቆዳ በታች ከገባ በኋላ ሰውየው ይብላ አይብላ አይጠብቅም። ጤነኛ ቆሽት ስኳሩ ሲወርድ ኢንሱሊን ማፍሰሷን ታቆማለች፤ የተወጋ መርፌን ግን ማንም መልሶ አያወጣውም። ስለዚህ በሁለት ምግብ መካከል ያለው ጊዜ ባዶ መሆን የለበትም። ረፋድ ላይ ትንሽ ነገር፣ አሥር ሰዓት ላይ መክሰስ፣ ከመኝታ በፊት ደግሞ ቁራሽ ነገር ለኤንፒኤች ተወጊ የሕክምናው አካል ነው። በሀብታም አገሮች ምግብ ሲበላ ብቻ ተወግተው ቶሎ የሚያልቁ፣ ወይም ሳያሻቅቡ ቀኑን ሙሉ የሚቆዩ አዳዲስ ኢንሱሊኖች ስላሉ እዚያ ያለ ታማሚ መክሰሱን ቢዘል ያልፍለታል። ከዚያ የመጣ ምክር በስልክ ተነቦ በጎንደር አዘዞ ላለ ልጅ ሲነገር የሚቀረው ነገር ይህ ነው፤ ብልቃጡ ሌላ ነው።

የሚያስደስተው፣ የአገሩ ልማድ ለዚህ ቦታ አለው። መክሰስ የሚለው ቃል ራሱ በምሳና በእራት መሐል ያለውን ሰዓት ይዞ የኖረ ነው። ቡና ሲፈላም ባዶውን አይጠጣም፤ የቡና ቁርስ ይቀርባል፣ ቆሎ ወይም ፈንዲሻ ወይም አምባሻ። አንዲት እናት ለልጇ የተለየ የበሽተኛ ምግብ ልፈልግ ብላ መጨነቅ የለባትም። ቤት ያለው ይበቃል፤ የሚጨመረው ሰዓትና መጠን ማወቅ ነው።

የጎንደር ሐኪሞች ይህን ሕመም ከቅርብ ያውቁታል። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሰደዱ ሕመሞችን ለረጅም ዘመን ሲከታተል የኖረ ክሊኒክ አለው። ከዓመታት በፊት ታማሚው ለአንድ ብልቃጥ ብሎ ከገጠር በእግሩ እየመጣ ሲቸገር፣ በዙሪያው ያሉ የጤና ጣቢያ ነርሶች ሠልጥነው ክትትሉ ወደ ሰፈሩ እንዲቀርብ ተደረገ። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ዲያቤቶሎጂያ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጥናት አሳተሙ። ከአጥኚዎቹ አንዱ በኢትዮጵያ ለዓመታት የሠሩት የብሪታንያው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪ ነበሩ። ጥናቱ ያሳየው መልክ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ካለው ይለያል። በመጽሐፉ ላይ አይነት አንድ ባብዛኛው የሕፃናት በሽታ ነው፤ በጎንደር ገጠር ኢንሱሊን የሚወጋው ሰው ግን ወጣት ጎልማሳ፣ ይበልጡን ወንድ፣ አነስተኛ ገበሬ፣ በጣምም ቀጭን ነበር። አጥኚዎቹ በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት በዚህ ውስጥ እጅ ይኖረው እንደሆነ በድጋሚ እንዲመረመር ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ የሚል ክፍል ነበረው፤ በ1999 ሰረዘው። በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህንኑ አይነት አምስት ብሎ መልሶ አነሣው። ክርክሩ ገና አላለቀም። ለመክሰስ ጉዳይ ግን ከወዲሁ የሚሰጠው ትምህርት አለ። ቀጭን ሰው በጉበቱና በጡንቻው ያከማቸው ስኳር ጥቂት ነው፤ መርፌው ትንሽ ሲበዛበት ወይም ሥራው ሲከብድበት የሚመዝዘው ተቀማጭ የለውም።

ሥራ ሲባል ምን ማለት እንደሆነም መታየት አለበት። የጤና ጽሑፎች ስፖርት ሲሉ ጂምና ሩጫ ያስባሉ። በሰሜን ጎንደር ደጋ ግን እንቅስቃሴ ሰው መርጦ በሳምንት ሦስት ቀን የሚያደርገው ነገር አይደለም። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ እርሻ ነው፤ ክረምቱ አረም፣ ከኅዳር ጀምሮ አጨዳና ውቂያ። ሴቷ ውሃ በጀርባዋ ተሸክማ አቀበት ትወጣለች። የከተማው ልጅ ታክሲ ሲጠፋ ከአዘዞ ፒያሳ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ይመጣል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በኮረብቶች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናትና ቤተ ክርስቲያን መሳሙም ገበያ መውረዱም ዳገት አለበት።

ጡንቻ ሥራ ላይ ሲሆን ስኳርን ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ከደም ይስባል። የተወጋው ኢንሱሊን ተጨምሮበት ሲስብ ደግሞ የደሙ ስኳር በፍጥነት ይወርዳል። የተወጋው እግር ላይ ሆኖ ሰውየው ወዲያው መንገድ ከጀመረ፣ የሚሠራው ጡንቻ ደም ስለሚበዛለት መርፌው ቶሎ ይሰራጫል፤ ረጅም መንገድ ያለበት ሰው ሆዱ ላይ ቢወጋ ይሻለዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከሥራው በኋላ የሚሆነው ነው። ጡንቻና ጉበት ያባከኑትን ክምችት ለመሙላት እስከ 24 ሰዓት ድረስ ስኳር መሳባቸውን ይቀጥላሉ። ቀን ሲያጭድ የዋለው ሰው ቀኑን በሰላም ፈጽሞ ሌሊት ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአልጋው ላይ እንዳለ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። በላብ ርሶ መንቃት፣ ቅዠት፣ ጠዋት የማይለቅ ራስ ምታት የዚህ ምልክቶች ናቸው። በሌላ በኩል፣ አጭርና ኃይለኛ ሩጫ ወይም የኳስ ግጥሚያ ድንጋጤ አድሬናሊን አስነሥቶ ስኳሩን ለጊዜው ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ይህን አይቶ ወዲያው መርፌ የጨመረ ልጅ ማታ ይቸገራል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሥራ አንድ ነው፤ ስንቅ መያዝ። ጎንደሬ ስንቅ የሚባለውን ያውቀዋል። ድሮ ዘማቹም ነጋዴውም በሶውን በስልቻ ቋጥሮ ነበር የሚወጣው፤ ምንጭ ሲያገኝ በውሃ አሽቶ ጭብጦ አድርጎ ይበላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስንቅ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ለሁለት የተለያየ ሥራ የተያዘ ስለሆነም በሁለት ኪስ ቢለይ ጥሩ ነው።

በአንዱ ኪስ የሚያዘው ቶሎ ደራሽ ነው። ስኳር፣ ከረሜላ፣ ትንሽ ዕቃ ውስጥ የተቋጠረ ማር። ይህ መክሰስ አይደለም፤ ስኳሩ ሲወርድበት ብቻ የሚነካ ነው። የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል፤ ከ54 በታች አደገኛ ነው። መለኪያው በእጅ ከሌለ፣ ስትሪፑ ውድ ነውና ብዙ ጊዜ አይኖርም፣ መንቀጥቀጡና ላቡ ይበቃል፤ ተጠራጥሮ መብላት ተጠራጥሮ ከመጠበቅ ይሻላል። የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል ስኳር ነው፤ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ውሃ ውስጥ በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ስኳር ያለው ለስላሳ። ከዚያ ቁጭ ብሎ 15 ደቂቃ መጠበቅ። ካልተሻለ ያንኑ መድገም። ቆሎ በዚህ ሰዓት አይሆንም፤ ተቆርጥሞ፣ ተፈጭቶ ደም ውስጥ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። ቸኮላትና ወተትም ስባቸው ያዘገያቸዋል።

በሌላው ኪስ የሚያዘው ዘላቂው ነው። ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ፣ በሽሮ የተጠቀለለ እንጀራ። 30 ግራም ያህል የምትሆን አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ወደ 20 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ አላት፤ እሱም ቀስ እያለ ነው የሚለቀቀው። ሽምብራና ባቄላ ሲቀላቀልበት ይበልጥ ይቆያል። ለውዝና ሱፍ ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ነገር ግን የያዙት ባብዛኛው ስብ ስለሆነ ብቻቸውን መንገደኛን አያደርሱም። ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ ከባድ ሥራ ወይም ጉዞ ባለሙያዎች በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ እንዲበላ ይመክራሉ፤ በአራዳ ቋንቋ ሁለት እፍኝ ቆሎ ወይም አንድ ሙዝና ቁራሽ ዳቦ ማለት ነው። መለኪያ ያለው ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይለካ። ከ126 እስከ 180 ቢሆን ደህና መነሻ ነው። ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ይብላ። ከ250 በላይ ሆኖ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም ወይም የፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ ካለ ግን ኪቶን ተነሥቷልና ሥራው ይቅር፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ላብ ያወርደዋል ብሎ ስኳር ከፍ ብሎበት የሚሮጥ ሰው ኢንሱሊን ካነሰው ይብስበታል።

ሰውየው ራሱን ከሳተ ስንቁ አይሠራም። በአፉ የሚፈስ ፈሳሽ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ጤና ተቋም ማድረስ፣ እዚያም በደም ሥሩ ግሉኮስ ይሰጠዋል። ግሉካጎን የሚባለው የድንገተኛ መርፌ በአገራችን በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ቡና የሚያጣጡት ጎረቤቶች፣ አብረው የሚያርሱት፣ ወንበር የሚጋሩት ተማሪዎች ይህን ቢያውቁ የብዙ ሰው ሕይወት ይተርፋል።

ጾም የዚህ ሕዝብ ሕይወት ነውና በዝምታ ማለፍ አይቻልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት እንደ ልማዱ ኤንፒኤች ከተወጋ መርፌው በባዶ ሆድ ላይ ይበረታል። መርፌውን ልተወው ቢል ኪቶን ይነሣል። ይህን የንስሐ አባቶች ሲነገራቸው የሚረዱት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ሰዓቱን ታላላለች፣ የጾም ምግቡን ጠብቆ ግን ሰዓቱን ሰብሮ መብላት ይችላል። ቆሎውም በሶውም የጾም ናቸው። ለሙስሊም ወገኖችም ቁርዓን በሽተኛውን ከረመዳን ጾም አውጥቶታል። ጠበል የሚሄድ ሰውም ብልቃጡን ይዞ ይሂድ፤ መርፌውን አቁሞ ጠበል የገባ የአይነት አንድ ታማሚ ጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው ያሉት። ይህን ጮክ ብሎ መናገር ጠበልን መንቀፍ አይደለም።

ጥምቀት ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የሚገናኝበት በዓል ነው። በከተራ ቀን ታቦታቱ ከየደብሩ ወጥተው ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ወጣቱ ምንጣፍ እያነጠፈ፣ እየዘለለና እየጨፈረ ለሰዓታት ይሄዳል። ምሳ ይዘላል። ሌሊቱን ሜዳ ላይ ያድራል። በማግስቱ በየቤቱ ጠላ አለ። አልኮል ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር እንዳያወጣ ይይዘዋል፤ ቀን የጨፈረና ማታ የጠጣ ኢንሱሊን ተወጊ ሌሊት ሲወርድበት ጉበቱ አይደርስለትም፤ አጠገቡ ያለውም ሰው መጠጡ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። በሌላ ወገን ደግሞ አስተናጋጇ አለች፣ አፈር ስሆን ብላ የምትል። ጉርሻን መመለስ በጎንደር ከባድ ነው። መርፌው ለተቆጠረ ምግብ የተለካ ሰው ግን ሦስት ቤት ገብቶ ሦስት ጊዜ ሲጎርስ ስኳሩ ያሻቅባል። እናቶች ይህን ካወቁ መላ አያጡም፤ ትንሽ ቆርሰው ያጎርሳሉ፣ የቀረውን ቋጥረው መንገድ ላይ ብላው ይላሉ።

የደጋው ሰው አገሩን ሲለቅ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። በመስከረምና በጥቅምት ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል። ሙቀቱ መርፌው ቶሎ እንዲሰራጭ ያደርጋል፤ ሥራው ከባድ ነው፤ ኢንሱሊኑም ይበላሻል። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ የተከፈተው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ሸክላው ይረዳል፤ እርጥብ አሸዋ በያዘ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስገብቶ፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ እዚያ ማኖር። ውሃው በሸክላው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል፤ ሸክላ ማድጋ ጠላውንና ውሃውን እንዲሁ ሲያቀዘቅዝ ኖሯል። ስሜን ተራሮች ለሚወጣው ደግሞ ጣጣው ተቃራኒ ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ይበልጣል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መድኃኒትነቱ ጠፍቷል። በዚያ ያሉ አስጎብኚዎችና በቅሎ ጫኞች ብልቃጡን በሌሊት ከሰውነታቸው ጋር አስጠግተው ቢያድሩ ይተርፍላቸዋል።

ይህን ሁሉ የሰማ ወላጅ ልጄ ከስፖርት ይቅር ሊል ይችላል። መቅረት የለበትም። የቀድሞው የሪያል ማድሪድ ተጫዋች ናቾ ፈርናንዴዝ በ12 ዓመቱ አይነት አንድ እንዳለበት ሲታወቅ መጀመሪያ ያየው ሐኪም ኳስ በቃህ ብሎት ነበር፤ ሌላ ሐኪም ደግሞ ኳሱ ይጠቅምሃል አለው። ያ ልጅ ስድስት ጊዜ የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ አነሣ፤ የመጨረሻውን በ2024 ዌምብሌይ ላይ አምበል ሆኖ። በቴኒስ የቶኪዮ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው አሌክሳንደር ዝቬሬቭም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ነው። በመደበኛነት የሚንቀሳቀስ ታማሚ ልቡ ይጠነክራል፤ መርፌውም በአነስተኛ መጠን ይበቃዋል። በትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የስፖርት መምህሩ ልጁ ማን እንደሆነ ይወቅ። ሌላው መምህር ክፍል ውስጥ ከረሜላ አፉ ውስጥ ሲከት አይቆጣው። የክፍል አለቃው ስኳሩ ያለበትን ኪስ ይወቅ።

በጤና ጣቢያዎች የክትትል ቀን የሚጠየቀው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ያለፈውን የሚመለከት ነው፤ ስኳርህ ስንት ነበር፣ ምን በላህ፣ መርፌውን ዘለልክ ወይ። ሊጨመር የሚገባው ጥያቄ የሚመጣውን የሚመለከት ነው። መጠኑ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖ በካርድ ላይ የሚጻፍለት ገበሬ በሐምሌ ጭቃና በታኅሣሥ አውድማ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። በኅዳር መጨረሻ አንዲት ነርስ ለአንድ ወጣት ገበሬ «ነገ ምን ሥራ አለብህ?» ብትለው መልሱ «ነገማ ደቦ አለብን ሲስተር፤ የአጎቴን ጤፍ እናጭዳለን» ይሆናል። ያን ጊዜ የጠዋቱ ኤንፒኤች በስንት ዩኒት እንደሚቀነስ ከእሱ ጋር ታሰላለች፤ የማታውም እንዲሁ። ጾሙ ገብቷልና ለረፋዱ በሶ፣ ለአሥር ሰዓት ቆሎ፣ በደረት ኪሱ ደግሞ ስኳር ይቋጥራል። ማጭዱን የሚጋራው ጎረቤቱ ስኳሩ በየትኛው ኪስ እንዳለ ይነገረዋል። ሚስቱም ማታ እግሩን ታጥቦ ሲተኛ ቁራሽ እንጀራ በሽሮ አብልታው፣ በትንሽ ብርጭቆ የተበጠበጠ ስኳር ከራስጌው ታኖርና ሌሊት ዶሮ ሲጮህ አንድ ጊዜ ግንባሩን ትዳስሳለች፤ ላብ ካለው ትቀሰቅሰዋለች።